መልስ፦ በ250 ካሬ ቦታ ላይ የግንባታ ዕቃው የት ይቀመጥ?

በ250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሊጀምሩ መሆኑንና አሸዋው፣ ብረቱና የሲሚንቶው መጋዘን የት ይሁኑ ብለው መጠየቅዎን አንብቤያለሁ። ቁፋሮው ሳይጀመር ማሰብዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የሚወሰነው የገልባጭ መኪናው መግቢያ ሲሆን፣ አሸዋውና ጠጠሩ ከበሩ አጠገብ ተራግፈው ሚክሰሩና የውኃ ሮቶው በመካከላቸው ቢቆሙ፣ ሠራተኛው ባሬላ ተሸክሞ የሚመላለስበት ርቀት ያጥራል። ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ብረቱ ነው፤ አንዱ ዘንግ 12 ሜትር ስለሚረዝም ከነማጠፊያ ጠረጴዛው በረጅሙ የአጥር ወገን ካልተዘረጋ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይዘጋል። ሲሚንቶው ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የጣውላ ርብራብ ላይ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራረብ ይቀመጥ፤ ሥራው ክረምት ላይ የሚደርስ ከሆነም መጋዘኑን ጎርፍ በማይደርስበት ከፍተኛ ወገን ያድርጉት።

የቁፋሮውን አፈር በጉድጓዱ አፍ ላይ ፈጽሞ አያስከምሩ፤ ክብደቱ ጠርዙን ንዶ በውስጥ የሚሠሩትን ሰዎች ሊቀብር ይችላል። ለመልሶ ሙሌት የሚበቃውን ብቻ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ አፈሩ ዋልካ ከሆነ ግን ለሙሌት ስለማይሆን ሁሉንም ያስወጡት።