«ውህድ» ወይስ «ቅይጥ»? «ልባጥ» ወይስ «ቅብ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቆርቆሮ መሸጫ አለኝ። የአንድ ቆርቆሮ መግለጫ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ቀለሙ «የፍሎሮፖሊመር ብሌንድ ኮቲንግ» ነው ይላል። እኔ «የፍሎሮፖሊመር ውህድ ልባጥ» አልኩት። ኬሚስትሪ የምታስተምር እህቴ ግን «ውህድ አይባልም» ብላ ሞገተችኝ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ እህትዎ ልክ ናት። «ውህድ» ከግዕዙ «ተዋሐደ»፣ አንድ ሆነ፣ ከሚለው የመጣ ቃል ነው። በኬሚስትሪ ትምህርትም ቦታውን ይዟል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተጣምረው ውሃ ሲሆኑ ውህድ እንላለን፤ የቀድሞ ጠባያቸው ጠፍቷልና። እርስዎ የያዙት ቀለም ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይፈጸምም። ፒቪዲኤፍ የሚባለው ፍሎሮፖሊመር (ፍሎሪን ያለበት ፕላስቲክ) አክሪሊክ ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ጋር ይቀላቀላል። ሁለቱ እጅግ ተስማምተው ይሰባጠራሉ፤ አዲስ ኬሚካላዊ ትስስር ግን የለም።

«ድብልቅ» ቢሉ ስህተት አይሆንም። እኔ ግን «ቅይጥ»ን እመርጣለሁ። ድብልቅ እንደ ሠርገኛ ጤፍ ነጩም ቀዩም እንደመጣ የተገናኘበትን ነገር ያሳስበኛል። «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ስንል ግን ታስቦበት፣ ተመጥኖ የተሠራ ነገር ነው። ይህ ቀለምም እንደዚያ ነው። የተለመደው ልክ 70 እጅ ፒቪዲኤፍ፣ 30 እጅ አክሪሊክ ነው። ፒቪዲኤፍ ፀሐይን ይችላል፤ ብቻውን ግን ከብረት ጋር በደንብ አይያያዝም። አክሪሊኩ ያንን ይሞላለታል። እንደ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ላለች ከተማ ፀሐይን መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ቀለም የሚያነጣው ጨረርም ይበረታል።

«ቅይጥ ማጭበርበርን አያስመስልም ወይ?» የሚል ደንበኛ ቢመጣ፣ ለማጭበርበሩ አማርኛ ሌሎች ቃላት አሉት። በረዘ፣ ከለሰ። ገበያ ላይ ቅቤ የሚበረዘው እንዲበዛ እንጂ እንዲሻል አይደለም።

አሁን «ልባጥ»። እዚህ ላይ ግሡን ይጠይቁ። ምን ተደረገ? ተለበጠ ወይስ ተቀባ? በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ በወርቅ ይለበጣል። ማለትም ሌላ ገላ ይደረብበታል። የእርስዎ ቆርቆሮ ግን እርጥብ ቀለም ተቀብቶ በሙቀት የደረቀ ነው። ስለዚህ «ቅብ»። «ሽፋን» ለሁሉም ይሆናል፤ ግን ሸራም ሽፋን ነው።

አንድ ቃል ልጨምርልዎ፤ «ማሟሸት»። በጣም የምወደው ስለሆነ ነው። እናቴ መንዝ ውስጥ አዲስ የሸክላ ምጣድ ስትገዛ ታሟሸው ነበር። ምጣዱን ታግላለች። የተወቀጠ ጎመን ዘር ትበትንበታለች። በጨርቅ ደጋግማ ታሸዋለች። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ዘይቱ በሸክላው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፤ ምጣዱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ እንጀራው አልነሳ ይላል።

በ1938 (እ.ኤ.አ.) ሮይ ፕላንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ፒቲኤፍኢ የሚባለውን ሌላ ፍሎሮፖሊመር አገኘ፤ ቴፍሎን የምንለውን ማለት ነው። ይህ ነገር በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢቀልጥም እንደ ውሃ አይፈስም። ስለዚህ ቅቡ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሊቀሩ ይችላሉ። በ260 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ የሚፈስ ኤፍኢፒ የሚባል ዘመዱ ሲቀየጥበት ግን ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የጎመን ዘሩ ዘይት የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው። የፋብሪካ ሰዎች ይህን ቀዳዳ መድፈን «ፖር ሲሊንግ» እያሉ ሲቸገሩ ስሰማ፣ «ማሟሸት» በየቤቱ እያለ ለምን እላለሁ። እባካችሁ ሞክሩት።

ለመግለጫዎ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በፒቪዲኤፍና በአክሪሊክ ቅይጥ የተቀባ ቆርቆሮ»። «ፍሎሮፖሊመር» የሚለውን ከታች በትንሹ ያስገቡት። ጣሪያ ሊያለብስ የመጣ ገበሬ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተቀባ ነው።