ማገዶን በኤሌክትሪክና በፀሐይ መተካት፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በመሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ተቋማት የማገዶና የማሞቂያ ወጪ እንዴት እንደሚቀነስ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እነሆ መልሴ። ዋጋ ለጠየቃችሁ ግን መልስ የለኝም፤ የዛሬው ዋጋ ለነገ አያድርም።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ)፦ ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። ለአሥር ክፍሎች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊገዛ ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። አንድ ባለ 2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ስምንት ሰዓት ሲሠራ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ አሥሩ ሲደመሩ በቀን 160 ይሆናል። ያ ሁሉ ሙቀት ደግሞ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ በኩል ወደ ሰማይ ይሄዳል። በቅድሚያ ኮርኒስ ይግባ፣ የበርና የመስኮት ክፍተት ይደፈን። በብርድ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሠራተኛ የሚበዛባቸውን ቢሮዎች በደቡብ በኩል ወዳሉት ክፍሎች አዛውሩ። ይህ ከአለቃ ፈቃድ በስተቀር የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ፈቃዱ ከኮርኒሱ የሚከብድበት መሥሪያ ቤት እንዳለም አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እስከዚያው የከሰል ምድጃ ብናስገባስ?

መልስ፦ በፍጹም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ፣ የትምህርት ቤት ምገባ አስተባባሪ)፦ ለእንጨት የምናወጣው ገንዘብ አስመርሮናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ እውነተኛው ወጪ ያለው እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በጉልቻ ሲበሰል ከእንጨቱ ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከአሥር አንድ እጅ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ውኃውን ለማትነን የሚባክነው ይጨመርበታል፤ ነጋዴው በክብደት የሚሸጥላችሁ ከሆነ ያንን ውኃ በገንዘብ እየገዛችሁ ነው።

ስለዚህ ምጣዱ ይሻላል፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ገመዳችሁን እዩ። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ስድስት ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ 21 ኪሎ ዋት ነው፤ በነጠላ ፌዝ (በአንድ የኃይል ሽቦ ብቻ) ይህ ከ90 አምፔር በላይ ስለሆነ የተለመደው የቤት መስመር አይችለውም። በሦስት ፌዝ ሲከፋፈል ግን በየፌዙ 32 አምፔር አካባቢ ይሆናል። የአካባቢው ትራንስፎርመር ይህን መሸከሙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አሁን ባለው መሰኪያ ዙሪያ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካያችሁ መስመሩ ያለውንም ጭነት አልቻለም ማለት ነው።

ጥያቄ (የጤና ጣቢያ ባለሙያ)፦ ሙቅ ውኃ በፀሐይ ይበቃናል?

መልስ፦ ለመታጠቢያና ለልብስ፣ አዎ። 200 ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 10.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ፀሐይ ትሸፍናለች፣ በደመናማ ቀን የጎደለውን ኤሌክትሪክ ይሞላል። የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ጠላቱ ውርጭ ነው። ቆላ ላይ የሚሠራውን ዓይነት ገዝታችሁ ብትሰቅሉ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት በቱቦው ውስጥ የቆመ ውኃ በረዶ ሆኖ ሊያፈነዳው ይችላል። ቱቦው ይሸፈን፤ ስትገዙም ቅዝቃዜ የሚችለውን ዓይነት ጠይቁ።

የሕክምና መሣሪያ ለማምከን ግን ይህ ውኃ አይታመንም፤ ቢፈላም አይበቃም። በ2,800 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በግፊት 121 ዲግሪ የሚደርሰው ማምከኛ፣ አውቶክሌቭ፣ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ከእበት የሚመረተው ባዮጋዝስ?

መልስ፦ ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት ብትሆኑ እሺ እል ነበር። ከ15 ዲግሪ በታች ጋዝ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ሥራቸው በጣም ይዘገያል፤ የመንዝ ደጋ ለዚህ አይመችም።

ጥያቄ፦ ማገዶን በኤሌክትሪክ መተካት ለአየር ንብረቱ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ኃይል ስለሆነ፣ አዎ። በእኛ አካባቢ ግን ከጭሱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ኩበቱ ነው። ማሳ ላይ ወድቆ ገብስ ማብቀል የሚገባው እበት ምድጃ ውስጥ ገብቶ ያልቃል፤ ገበሬው ደግሞ ማዳበሪያ በውድ ይገዛል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ጦማቸውን ይዋሉ?

መልስ፦ አይዋሉ። የማገዶውን ምድጃ አታፍርሱት፣ አሻሽሉት። ሚርት ምድጃ ለእንጀራ የሚውለውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ደረቅ እንጨት ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ያህል ቆርቆሮ ሥር ከምራችሁ ያዙ። በጄኔሬተር ምጣድ ለማጋል ግን አታስቡ፤ ከናፍጣው ኃይል ከግማሽ በላዩ በሞተሩ ሙቀትና በጭስ መውጫው ነው የሚባክነው።