ግድቡ ጥቁር ዝንቧን ያጠፋታል ወይ?

ግድቡ ሲሞላ የወንዝ ዓይነ ስውርነት (ኦንኮሰርኪያሲስ) የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብ ትጠፋለች ወይ ላልከው፦ ከግድቡ በላይ ሐይቁ በሚውጠው ቦታ አዎ፣ ከታች ግን ላትጠፋ ትችላለች።

እጯ የምታድገው በፈጣን ውኃ ውስጥ፣ ድንጋይና ቅጠል ላይ ተጣብቃ ነው። ሐይቁ ያን ቦታ ሲውጠው መኖሪያ ታጣለች። ጋና ውስጥ የአኮሶምቦ ግድብ ሐይቅ ብዙ የቮልታ ፏፏቴዎችን እንዲህ ነው የዋጠው።

ጣጣው የግድቡ ትርፍ ውኃ የሚለቀቅበት ማስተንፈሻ ላይ ነው። ውኃ በስሱ የሚወርድበት ኮንክሪት ለእጯ ምቹ ነው። ከግድቡ ሰዎች ጋር ተነጋግራችሁ በየጊዜው ፍሰቱን አቁሙና ይድረቅ።

እኔ አንዴ ሐይቁን ዳር ዳሩን ፈትሼ ምንም አላገኘሁም። ማስተንፈሻው ሥር የበቀለ ሣር ስነቅል ግን ቅጠሉ በእጭ ተሸፍኗል። መጀመሪያ እዚያ እይ።

ደግሞ ንክሻው ቀነሰ ብላችሁ የበሽታውን መድኃኒት አይቨርሜክቲንን እንዳታቋርጡ፤ አደራ። በሽታውን የሚያመጣው ትል ሰው ሰውነት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።