ካሊ ጭነህ 3 ወር ለቆየኸው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት። «ካሊ ሊኑክስ ከጫንኩ 3 ወር ሆነኝ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን ከጥቃት መጠበቅ ግን አሁንም አልገባኝም፣ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት፣ 6 ወር በልቶብኛል። ካሊ የማጥቂያ ዕቃ የሞላበት ሳጥን ነው። ዕቃውን ማስነሳት ትለምዳለህ፣ የምትጠብቀውን ቤት ግን አታውቀውም።

አንድ ሲስተም ምረጥ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ደቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተርህ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ጫን፣ ስናፕሾት (ኋላ የምትመለስበት የማሽኑ ቅጂ) ያዝ፣ ከዚያ እንደፈለግክ አበላሸው። የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ እዚህ ማሽን ላይ ምን እየሠራ ነው፣ የትኛው ፖርት (የኔትወርክ በር) ክፍት ነው፣ በማንስ ስም ነው የሚሠራው? እሺ፣ ሦስት ሆነ። የማታውቀውን ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ምንነት ፈልግ፣ የማያስፈልግህን ዝጋ። ይሰለቻል፣ ሥራው ግን ይሄው ነው።

እኔን ያስተማረኝ ሎግ (ማሽኑ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ነው። የመጀመሪያ ሰርቨሬን ተከራይቼ ያስነሳሁ ቀን፣ ማታ የመግቢያ ሎጉን ስከፍት ከማላውቃቸው አድራሻዎች የመጣ በመቶ የሚቆጠር ሙከራ ተደርድሯል፤ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ)፣ አድሚን፣ ቴስት በሚሉ ስሞች፣ በኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) ፖርት 22 የይለፍ ቃል ይገምታሉ። እኔን ብሎ የመጣ የለም፣ ያገኙትን በር ሁሉ የሚያንኳኩ ቦቶች ናቸው። ደነገጥኩና በይለፍ ቃል መግባትን ዘጋሁ፣ የሩትንም ዘጋሁ፣ ሰርቪሱን እንደገና አስነስቼ ተርሚናሉን ዘጋሁት። የኤስኤስኤች ቁልፌን (በይለፍ ቃል ምትክ የሚያስገባውን ፋይል) ግን በትክክል አልጫንኩትም ነበር። ከገዛ ማሽኔ ውጭ ቀረሁ! አሁን ያንን ቅንብር ስነካ አንዱን መስኮት ክፍት ትቼ፣ በሌላ መስኮት መግባቴን ሳላይ አልዘጋም። (ፖርቱን ከ22 ወደ ሌላ መቀየር ጫጫታውን ይቀንሳል እንጂ ጥበቃ አይባልም፣ ብዙ ሰው በዚህ ይሸወዳል።)

ሌላው ፈቃድ ነው። አንድ ነገር እምቢ ሲል ለፋይሉ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ) መስጠት፣ ኤስኢሊኑክስን (ፕሮግራሞች የተፈቀደላቸውን ብቻ እንዲነኩ የሚያደርገውን የሊኑክስ ጥበቃ) ማጥፋት... ሁላችንም ሠርተነዋል። አታጥፋው። ፐርሚሲቭ (ሳይከለክል የሚመዘግብበት ሁኔታ) ላይ አድርገው፣ ምን ሊከለክል እንደነበር ከሎጉ አንብብ፣ ደንቡን አስተካክልና መልሰህ አብራው። ኡቡንቱ ላይ ያለው አፕአርመር ነው፣ ሐሳቡ ያው ነው።

አፕዴትን የሚንቅ ሰው ካጋጠመህ ዋናክራይን (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ጥቃት) ንገረው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነው፣ ጥቃቱ የፈነዳው ሜይ 12። ሁለት ወር ገደማ መድኃኒቱ እጃቸው ላይ እያለ ነው ብዙዎች የተቆለፉት። ቀዳዳው ደግሞ የት ነበር? ኤስኤምቢ 1 በሚባል ያረጀ የፋይል መጋሪያ ላይ፣ ብዙዎቹ ቢዘጉት እንኳ መዘጋቱ በማይታወቃቸው ነገር።

እዚህ ከደረስክ በኋላ ሊኒስን (የማሽኑን ጥበቃ የሚፈትሽ ፕሮግራም) አስኪደው። ነጥብ ይሰጥሃል፣ ነጥቡን ለማሳደግ ግን አትሩጥ። እያንዳንዱ ምክር የትኛውን ጥቃት እንደሚከለክል መናገር ካልቻልክ አትንካው። የሲአይኤስ ቤንችማርክ ሰነዶች (የጥበቃ ቅንብር መመሪያዎች) ለዚህ ጥሩ ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ቅንብር ጋር ምክንያቱን ይጽፋሉ፤ ረጃጅም ስለሆኑ በቀን ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል።

ሎጉ ላይ ያልገባህ መስመር ካለ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን። አይፒህንና የተጠቃሚ ስምህን ግን መጀመሪያ ደምስስ።