መልስ፦ የ1965 ቮልስን ከ6 ወደ 12 ቮልት ስለመቀየር
ሰላም ወንድሜ፣ ቮልስህን ወደ 12 ቮልት ለመቀየር ሽቦው ሁሉ ይነቀል ወይ ላልከው፣ አይነቀልም። ለተመሳሳይ ዋት 12 ቮልት የሚስበው አምፔር ግማሽ ስለሆነ፣ ሽቦው ካልተላጠና ካልደረቀ ይበቃል።

የሚቀየሩት ባትሪ፣ ዲናሞ ከነሬጉሌተሩ (የቻርጁን ቮልቴጅ ከሚቆጣጠረው ጋር)፣ ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው)፣ አምፖሎች በሙሉ፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ ክላክስና የካርቡራተሩ ኤሌክትሪክ ቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው) ናቸው። ቾኩን አደራ እንዳትረሳው! በ12 ቮልት ቶሎ ስለሚግል ሞተሩ ሳይሞቅ ይከፈታል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። የነዳጅ ጌጁ በገመድ ስለሚሠራ አትንካው።

ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ተወው፤ ትልቁ ቁጠባ እዚህ ነው። ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ይባላል፤ የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ፣ የ12ቱ 130 ጥርስ አለው። ሞተሪኖውን ብቻ ከቀየርክ ጥርሱ አይገጥምም፤ ቮላኖውንም ከቀየርክ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ መሞረድ አለበት። አሮጌው ሞተሪኖ በ12 ቮልት በደንብ ያስነሳል፣ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አታሽከርክረው።

አዲሱን ዲናሞ ሬጉሌተሩ ሳይገናኝና ቺንጋው ሳይገባ ሞክረው፦ ዲናሞው ላይ ዲኤፍ (DF) የሚለውን ጫፍ ከቦዲ አገናኝና ዲ ፕላስ (D+) የሚለውን ለጥቂት ሰከንድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ንካው። እንደ ሞተር ከዞረ ጤነኛ ነው። ይህ ሳይደረግ የተገጠመ ዲናሞ ቻርጅ ላያደርግ ይችላል።

የ6 ቮልቱን ቴርጂ (የመስታወት ዝናብ መጥረጊያ) ለማቆየት ቮልቴጅ የሚቀንስ ሬዚስተር ያስፈልጋል። በጣም ስለሚግል ከሽቦና ከፕላስቲክ አርቀህ ብረት ላይ እሰረው።