እናታችሁ የሌለ ሰው ስታይ ዝም አትበሉ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ዘንባባዎቹ ሥር አንዲት ልጅ አስቆመችኝ። ግራ ቀኟን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ ማታ ማታ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ እባክዎን ለማንም አይንገሩብኝ» አለችኝ። አባቷ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና እግር የሚያስር የአንጎል በሽታ ከያዛቸው ስድስት ዓመት አልፏል። ለሐኪማቸው ነግረሻል ወይ ብላት አንገቷን ደፋች።

ያቺን ሹክሹክታ አውቃታለሁ። እኛም ቤት ሰባት ወር ተቀምጣለች። ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

32 ዓመት በፋርማሲስትነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግን የምነግራችሁን ነገር የተማርኩት ከመድኃኒት መደርደሪያው ሳይሆን ከእናቴ አልጋ አጠገብ ነው።

እማዬ የተወለደችው ዘጌ ነው፣ ቡናው መሀል። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ከገባች በኋላም የዘጌ ቡና ካልሆነ አትጠጣም ነበር። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ የነገሩን ስኒዎቹ ናቸው። ረከቦቱ ላይ ስትደረድራቸው እርስ በርስ ይንኳኩ ጀመር። በ2006 ዓ.ም. ፓርኪንሰን ነው ተባልን። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ አንድ ላይ ያለበት እንክብል ተጀመረላት፣ እግሯም ተፈታ፣ ቤተ ክርስቲያንም በራሷ መሄድ ጀመረች። በኋላ መንቀጥቀጡ ሲብስ ትራይሄክሲፈኒዲል ተጨመረላት። ብዙ ሰው አርቴን ብሎ የሚያውቀው ማለት ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ አራት ሆነን ተቀምጠናል። እማዬ አምስተኛ ስኒ ቀዳች።

«ይሄ የማነው?» አልኳት።

«የእንግዳዋ ነዋ» አለችኝ፣ በአገጯ መደቡን እያሳየች።

መደቡ ላይ ትራስ ብቻ ነበር።

አልደነገጠችም። ነጠላ የለበሰች ሴት ናት፣ አትናገርም፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች አለችን። የደነገጥነው እኛ ነን። አክስቴ «ዛር ነው» አለች። ወንድሜ «ሰው እንዳይሰማ» አለ። እኔ ደግሞ፣ መድኃኒት አዋቂው ሰው፣ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። በየቀጠሮው ሐኪሙ «መንቀጥቀጡስ? አረማመዱስ?» ይላል፣ እኛም «ደህና ነች» ብለን እንክብላችንን ይዘን እንመለሳለን። ስለ እንግዳዋ ትንፍሽ አላልንም።

ሰው የሌለ ነገር ማየትን ከፓርኪንሰን ጋር ባያያይዘው አይገርመኝም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. በሽታውን ሲገልጽ ሕመምተኞቹ አእምሯቸውም የስሜት ሕዋሳታቸውም አልተነካም ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ የእጅና የእግር በሽታ ብቻ ሆኖ ታየ። ዛሬ እንደዚያ እንዳልሆነ ይታወቃል። በሽታው ዓመታት ሲያስቆጥር ብዙ ሕመምተኞች ላይ ይህ ነገር ይመጣል። ሲጀምር ትንሽ ነው። ከኋላ ሰው የቆመ ይመስላል፣ በዓይን ጠርዝ ድመት የመሰለ ነገር ሽው ይላል። ቆየት ሲል ሰው፣ ሕፃናት፣ እንስሳት ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የላቸውም፤ ሲመሽ፣ ብርሃን ሲደክም ይበዛሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ሕመምተኛ ራሱ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ልብ በሉ፣ ለሐኪም ለመናገር ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ያ ነው።

ከየት ይመጣል? ከራሱ ከበሽታው ይመጣል፣ ከመድኃኒቱም ይመጣል። ፓርኪንሰን ላይ የሚጎድለው ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ቅመም ነው። ሌቮዶፓው ያንን ይተካል። ነገር ግን የዋጥነው እንክብል እግርና እጅ ወደሚያዘው የአንጎል ክፍል ብቻ አይሄድም፣ ማየትና ማሰብ ወዳለበትም ይደርሳል። ትራይሄክሲፈኒዲል ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ፣ አእምሮን ያምታታል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ለሌሎች ቤተሰቦችም ስንት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። እናቴ ላይ ግን አላየሁትም።

መጋቢት መጣ። የባሕር ዳርን የመጋቢት ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሁዳዴ ነው፤ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም። ሽንቷን ያቃጥላት ነበር፣ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ በወንበዴ ተከቧል ብላ በባዶ እግሯ ግቢው ውስጥ ሮጠች። ስንይዛት እኛንም አላወቀችን። ተሸክመን ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። ተረኛው ሐኪም ገና ልጅ ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ቀልቷል። ምን ሆነች ሲል ወንድሜ «እየቃዠች ነው፣ አስቸገረችን» አለው። ፓርኪንሰን የሚለውን ቃል ማናችንም አላነሳንም። እኔም አላነሳሁም። ልጁ ለሚረበሽ ሰው የሚሰጠውን ሰጣት።

መርፌውን ስትወጋ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባዶው ብልቃጥ ትሪው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ስሙን አነበብኩት፦ ሃሎፔሪዶል። አነበብኩትና ዝም አልኩ፣ ብቻ ትተኛልን ብዬ።

ሃሎፔሪዶል ዶፓሚን የሚገባበትን በር ይዘጋል። ዶፓሚን ላለቀበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጠዋት እማዬ እንደ እንጨት ደርቃ አገኘናት። አንገቷ አይዞርም፣ ምራቋን አትውጥም። አጥሚት በማንኪያ ስንሰጣት በአፏ ጠርዝ ይፈስ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየች። በዚያ ልጅ አልፈርድም። የሚያስፈልገውን አንድ ቃል የነፈግነው እኛ ነን።

የዳነችው በጥያቄ ነው። ሌላ ሐኪም መጣና ቁጭ ብሎ «ይህ ነገር መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን መድኃኒት ተጨመረ?» አለን። በሰባት ወር ውስጥ ማንም ያልጠየቀን፣ እኛም ያልመለስነው ጥያቄ። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ፣ ታከመ። ውኃ በሰዓቱ እንድትጠጣ ሆነ። የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቤት መጥተው ከጾሙ ፈቱላት፤ የእኛን ልመና እምቢ ያለች የእሳቸውን ቃል ሰማች። የሆድ ድርቀቷም ታየ፣ እሱ ራሱ ያምታታል። ከዚያ ትራይሄክሲፈኒዲሉ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ቆመ። በተለምዶም መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው፤ እንደ አማንታዲንና ዶፓሚንን የሚመስሉት መድኃኒቶች ካሉ እነሱ ይከተላሉ፣ ሌቮዶፓው መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሐኪም ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ሌቮዶፓን በአንዴ ማቋረጥ ከባድ ትኩሳትና የሰውነት መገተር ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ጸበል ስትወስዷቸውም እንክብሉ አብሮ ይሂድ። እማዬን ጸበል ወስደናታል፣ እኔም አምንበታለሁ፤ መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላስቀረንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እንግዳዋ አልፎ አልፎ ትመጣ ነበር። መምጣቷ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሌሊት ፍርሃቱ ሲመለስ ግን ሐኪሙ ኩዌቲያፒን የሚባል፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያበርድ መድኃኒት ጀመረላት፣ ማታ ማታ 12.5 ሚሊ ግራም፣ ትንሽዬ መጠን። እንቅልፏ ተስተካከለ። ጠዋት ግን ስትነሳ ደም ግፊቷ ይወርድና ትንገዳገድ ነበር። ስለዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን አውርዳ ትንሽ ሳትቀመጥ እንዳትቆም አስለመድናት። ኩዌቲያፒን ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። ክሎዛፒን የሚባለው በዝቅተኛ መጠን ፓርኪንሰን ላይ እንደሚሠራ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጡ ጥናቶች በደንብ ታይቷል፣ መንቀጥቀጡንም አያብስም፤ ነገር ግን ነጭ የደም ሴልን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ የደም ምርመራ ይፈልጋል።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ፒማቫንሰሪን የሚባል ልላክልሽ» ብላ ደወለች። በ2016 እ.ኤ.አ. እዚያ ለዚሁ ችግር የተፈቀደ ነው። ዶፓሚንን አይነካም፣ ሴሮቶኒን በሚባለው ሌላ የአንጎል ቅመም በኩል ነው የሚሠራው፣ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐሳቧ የፍቅር ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። የልብ ምት ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው በሻንጣ መጥቶ የሚጀመር መድኃኒት አይደለም። እናንተም ዘመድ ሲልክላችሁ አትጀምሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ የመርሳት ችግር ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን ከፍ እንደሚያደርጉ ማስጠንቀቂያ አለባቸው። ስለዚህ የሚሰጡት የግድ ሲሆን ነው፣ በትንሹ፣ እየታየ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ላይ «የለም፣ ምንም የለም!» እያልን እንከራከራት ነበር። ታለቅስ ነበር። በኋላ «እኔ አይታየኝም እማ፣ ግን አንቺን እንደሚታይሽ አምናለሁ፤ እኔ እዚህ ነኝ» ማለት ለመድን። ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለውን ጋቢ አወረድነው፤ ሲመሽ ሰው ይመስል ነበር ለካ። መብራት ሲጠፋ የምትበራ በባትሪ የምትሠራ አምፖል ገዛን። ዓይኗንም አሳየን፣ የሞራ ግርዶሽ ነበረባት። ደህና የማያይ ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላል።

ከእናንተ መሀል ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ለመሆን የምትማሩ አላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሮጊቷን «የሌለ ነገር ታያለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ አብደሻል ወይ ያላችኋት ይመስላታልና «አላይም» ትላችኋለች። «እማማ፣ ይህ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሲመሽ ሰው ወይ እንስሳ ውል ይላቸዋል፣ እርስዎንስ?» በሏት። ስትናገር ታያላችሁ።

ለልጆችና ለልጅ ልጆች ደግሞ፣ ቀጠሮ ስትሄዱ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የጉንፋኑንም፣ ከጎረቤት የተሰጠውንም። ደብተር ላይ ምን እንዳዩ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በዚያ ሳምንት ምን እንደተጨመረ ወይም እንደተቀየረ ጻፉ። ስታፍሩ ደብተሩን ብቻ አቀብሉ፣ ሐኪሙ ያነበዋል።

እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ወረቀት በትልቁ ጽፌ ኩሽናው በር ላይ ለጥፌ ነበር፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ እማዬ ቦርሳ ውስጥ። «ፓርኪንሰን አለባት። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፐሪዶን፣ ኦላንዛፒን አይሰጣት። ማስመለስን ለማስቆም ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) አይሰጣት። ሌቮዶፓዋ በሰዓቱ ይሰጣት።» ከሥሩ የእኔና የወንድሜ ስልክ። የማስመለስ ማስታገሻው ሲነገር ብዙ ሰው ይገርመዋል፣ ግን እሱም ያንኑ የዶፓሚን በር ነው የሚዘጋው።

እማዬ በ2014 ዓ.ም. አረፈች። ወረቀቱን አላነሳሁትም። ያቺን መንገድ ላይ ያስቆመችኝን ልጅ ቤት ይዣት ገባሁ፣ ቡናም አፈላሁላት። ወረቀቱን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና የሐኪሙን ቀጠሮ ለማስጠጋት እዚያው ቁጭ ብላ ደወለች።