ጥያቄና መልስ፦ ሲ++ን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የፕሮግራሚንግ ኮርሳችን በሲ++ ነው። የተሰጠን ሃንድአውት ላይ ያሉት ኮዶች ላፕቶፔ ላይ አይሠሩም። ከቴሌግራም ያሰባሰብኩት ፒዲኤፍ ደግሞ ከ40 በላይ ሆኖ የትኛውን እንደምከፍት ግራ ገብቶኛል።
ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ፒዲኤፎቹን ለጊዜው ተያቸውና ሃንድአውቱ ለምን እንደማይሠራ እንይ። የመጀመሪያው መስመር «አዮስትሪም ዶት ኤች» ይላል? ከሥሩ «ኮንዮ ዶት ኤች» አለ? ዋናው ፈንክሽን «ቮይድ ሜይን» ተብሎ፣ መጨረሻው ላይ «ጌትች» ተጽፏል? እንግዲያው ኮዱ የተጻፈው ለተርቦ ሲ++ ነው። ያ ሰማያዊ ስክሪን ያለው፣ ቦርላንድ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዶስ (ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሲስተም) ያወጣው ፕሮግራም። ሲ++ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ያገኘው በ1998 ስለሆነ ተርቦ ከስታንዳርዱ 8 ዓመት ይቀድማል። ስታንዳርዱ ሲወጣ «ዶት ኤች» ቀርቶ «አዮስትሪም» ብቻ ሆነ፤ ሜይን የግድ «ኢንት» መመለስ አለበት ተባለ። ኮንዮማ ከመጀመሪያውም የዶስ እንጂ የቋንቋው አልነበረም።

ስለዚህ ከ«አዮስትሪም» ላይ «ዶት ኤች»ን አጥፊ፣ ቮይድን በኢንት ቀይሪ፣ የኮንዮን፣ የጌትችንና ስክሪን የሚያጸዳውን መስመር ሰርዢ፣ ከ«ሲአውት»፣ ከ«ሲን» እና ከ«ኤንድኤል» በፊት «ኤስቲዲ» ብለሽ አራቱን ነጥብ (std::) አድርጊ። አብዛኛው የሃንድአውት ምሳሌ በዚህ ብቻ ይሠራል። ፈተናው በወረቀት ከሆነና መምህሩ የድሮውን አጻጻፍ የሚፈልጉ ከሆነ ፈተናው ላይ የድሮውን ጻፊላቸው፤ እጅሽ ግን አዲሱን ይልመድ።

አሁን ወደ ፒዲኤፎቹ። በሲ++ ውስጥ ትልቁ ድንበር 2011 ነው (በዚህ መልስ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በዚያ ዓመት የወጣው ስታንዳርድ ቋንቋው የሚጻፍበትን መንገድ ለውጦታል። አንድ መጽሐፍ ከድንበሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ለማወቅ 5 ደቂቃ ይበቃል። መጨረሻው ላይ ያለውን የቃላት ማውጫ ክፈቺና በ2011 የገቡትን «ኑልፒቲአር» (nullptr) እና «ዩኒክ ፒቲአር» (unique_ptr) የሚሉትን ፈልጊ። ከሌሉ ዝጊው። ካሉ ደግሞ የምዕራፎቹን ዝርዝር ተመልከቺ፦ «ስትሪንግ» (ጽሑፍ መያዣው) እና «ቬክተር» (ዝርዝር መያዣው) የሚመጡት ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው? የድሮው ስልት የሆኑት ፖይንተርና የካራክተር አሬይ 5ኛው ላይ፣ ቬክተር 16ኛው ላይ ከሆነ መጽሐፉ የሚያስተምርሽ ሲ የተባለውን የቀድሞውን ቋንቋ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው ሲ++ ያለው። በመጨረሻም የምዕራፉ መልመጃ። መልመጃ የሌለው መጽሐፍ ለጀማሪ አይጠቅምም። በዚህ ወንፊት ካለፉ ከ40ው ሦስት አራት ቢተርፉሽ ነው።

ከዜሮ ለሚጀምር እኛ የምንመርጠው ለርን ሲፒፒ ዶት ኮም የሚባለውን ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው፣ ይታደሳል፣ በየትምህርቱ መሐል ጥያቄ ከነመልሱ አለው። ጽሑፍ ስለሆነ ዳታም አይፈጅም። ከጎኑ ሲፒፒ ሬፈረንስን ያዢ፤ እሱ ግን መዝገበ ቃላት ነው፣ ከሱ መማር አይሞከርም። ሙሉውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ስለሚቻል ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠቅማል።

መጽሐፍ ካልሽ፣ ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ ሰው የቋንቋው ፈጣሪ ብያርነ ስትራውስትሩፕ ለጀማሪ የጻፈው «ፕሮግራሚንግ፦ ፕሪንሲፕልስ ኤንድ ፕራክቲስ ዩዚንግ ሲ++» ጥሩ ነው፤ ሦስተኛው እትም የወጣው በ2024 ነው። የዚሁ ሰው «ኤ ቱር ኦፍ ሲ++» ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጀማሪ እሱን ያነሳል። የተጻፈው ግን ሌላ ቋንቋ ለሚያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይጥልሻል። «ሲ++ ፕራይመር» 5ኛ እትም (2012) የ2011ን ስታንዳርድ ይሸፍናል፤ ወፍራም ነው፣ ግን ያስተማምናል። «ሲ++ ፕራይመር ፕላስ» የሚባለው የሌላ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ስለሆነ እንዳይምታታብሽ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስትገዢ ሽፋኑን ሳይሆን የኮፒራይት ገጹን አይተሽ ነው መከራከር። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ የኮድ ገጾቹን ገልጠሽ ነጠላ ሰረዝና ሴሚኮለን መለየታቸውን እዪ፤ ደብዛዛ ኮፒ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ በኋላ ስህተቱን ስትፈልጊ ሌሊቱ ይነጋል።

ላፕቶፕሽ ላይ ቪኤስ ኮድ ጭነሽ «ኮምፓይለር (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው) የለም» ካለሽ ልክ ነው፤ ቪኤስ ኮድ መጻፊያ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ቀላሉ ኮድ ብሎክስ ነው፤ ስታወርጂ ግን ስሙ ላይ «ሚንጂደብሊው» (mingw) ያለበትን ፋይል ምረጪ፣ ሌላው ያለ ኮምፓይለር ነው የሚመጣው። ከዚያ ከኮምፓይለር ምርጫዎቹ ውስጥ «ደብሊው ኦል» (-Wall) እና «ደብሊው ኤክስትራ» (-Wextra) የሚሉትን ማስጠንቀቂያዎች አብሪ። «ኢፍ» ውስጥ ሁለት እኩል ምልክት መጻፍ ሲገባሽ አንድ ብትጽፊ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፍሻል፤ ማስጠንቀቂያው ከበራ ግን መስመሩን ጠቅሶ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ በዩቲዩብ አንድ ሙሉ ኮርስ ጨረስኩ፤ ራሴ ልጻፍ ስል ግን አይመጣልኝም። ከፒዲኤፍ የገለበጥኩት ኮድ ደግሞ «ስትሬይ» የሚል ስህተት ያመጣል። ዕድሜና ስም የሚጠይቅ ፕሮግራም ጽፌ ዕድሜን ተቀብሎ ስሙን ሳይጠይቅ ያልፋል።
ዳ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ «ስትሬይ» ያለህ ጥቅሱን ነው። ፒዲኤፍ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለው ጥቅስ ወደ ጎባጣ ጥቅስ ተለውጦ ይገኛል፤ ኮምፓይለሩ ጎባጣውን አያውቀውም። ሰርዘህ ከኪቦርድህ ጻፈው። እንዲያውም ጀማሪ እስከሆንክ ድረስ ኮድ አትገልብጥ፣ ጻፍ።

ስሙን ሳይጠይቅ የሚያልፈው የታወቀ ችግር ነው። «ሲን» ዕድሜን ሲያነብ 25ን ይወስድና አንተ የተጫንከውን ኢንተር እዚያው ትቶት ይሄዳል። ቀጥሎ የመጣው «ጌትላይን» ደግሞ እስከ ኢንተር ድረስ አንብብ ተብሏልና ያንን የቀረውን ኢንተር ያገኛል፣ ባዶ መስመር አንብቦ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። መፍትሔው ከጌትላይን በፊት «ኤስቲዲ ደብሊው ኤስ» (std::ws) የሚለውን ማስገባት ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ኢንተርና ባዶ ቦታ ጠርጎ ያነባል። አንድ የሲ++ ትምህርት ጥሩ መሆኑን ለመለካት ከፈለግህ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገርበትን ቦታ ፈልግ። ጥሩው ምክንያቱን ያስረዳሃል፤ ደካማው «ሲን ኢግኖርን እዚህ ጨምሩ» ብሎ ያልፋል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፦ አይተህ ስትጨርስ ዝጋውና ያንኑ ፕሮግራም ከባዶ ፋይል ጻፈው። ሲሠራልህ አንድ ነገር ቀይርበት፤ ሦስት ቁጥር ይደምር የነበረውን ተጠቃሚው ዜሮ እስኪያስገባ ድረስ የሚደምር አድርገው። እዚያ ላይ ከተጣበቅህ ያልገባህ የቱ እንደሆነ አወቅህ ማለት ነው። ላፕቶፕ ከሌለህም በስልክ ብሮውዘር የሚሠራው ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር አለ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቁጭ ብሎ ለመሥራት የሚስማማ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል። ቤታችን አጠገብ ያለ ማሠልጠኛ ሲ++ን በ3 ወር አስተምራለሁ ይላል። ልክፈልለት?
የካዛንቺስ አባት

መልስ፦ አባታችን፣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ልጁ ገብቶ እንዲያይ ይጠይቁ። ኮምፒዩተሮቹ ላይ ሰማያዊው ተርቦ ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። ተማሪው ራሱ የሚጽፍበት ሰዓት አስተማሪው ከሚናገርበት ካነሰም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ የሠሩትን ፕሮጀክት ያሳዩዎት፤ «ካልኩሌተር» ብቻ ከሆነ ያ የሁለተኛ ሳምንት ሥራ ነው። ደግሞም ልጁን ምን መሥራት እንደሚፈልግ ይጠይቁት። ሲ++ ለጌም፣ ለሮቦትና ፍጥነት ለሚፈልግ ሥራ ነው፤ ድረ ገጽ ልሥራ ካለ በዚህ በኩል መዞር አያስፈልገውም። ፕሮግራሚንግ ይወደው እንደሆነ ለማየት ብቻ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠና በነፃ አለ፤ ሲ++ አያስተምርም፣ መሠረቱን ግን ያስይዘዋል።